የያለምወርቅ ተራ

ያለምወርቅ ተክሉ ሰው መናቅ ትችልበታለች። አትሳደብም፣ አትጮህም፣ ፊቷንም አታጠቁርም። ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ታይህና ወደያዘችው ነገር ትመለሳለች፤ የታየው ሰው ግን ሸሚዙን ገልብጦ የለበሰ ይመስል ራሱን ሲመረምር ይውላል። ይህን ሙያ ከማን ተማርሽ ቢሏት መልሷ አንድ ነው፤ ከጨዋ ልጆች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲንቋት እያየች፣ አናናቃቸውን አንድ በአንድ አጥንታ፣ ቶሮንቶ ስትገባ ከአስተማሪዎቿ በልጣ ቁጭ አለች።

በፈረንጆቹ 1995 አርባ አራት ዓመቷ ነበር። ሴንት ጄምስ ታውን ከተደረደሩት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛው ላይ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ከናኦሚ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ዳውንታውን ሲጎርፍ እሷ በተቃራኒው እስከ ኬኔዲ ጣቢያ በሰብዌይ፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ከዚያ በባስ ወደ ስካርቦሮ ትሄዳለች። የአውቶቡስ አካል በሚገጣጠምበት ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ናት። ከስድስት መቶ በላይ ሠራተኛ ባለበት ሴት በያጅ ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ሲያስቸግራቸው የሚጠሩት እሷን ነው። ወንዶቹም ይጠሯታል፤ ግን ዘወር ዘወር ብለው፣ ሰው እንዳያያቸው ተጠንቅቀው።

እሳትና ብረት ከቤቷ ነው የመጡት። አባቷ ተክሉ ከመንዝ ወርዶ መርካቶ ዳር ወናፍ የተከለ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ ይሠራል፣ ቢላ ይሠራል፣ የታጠፈ ያቃናል። ጨዋ የሚባሉት ሴቶች ቢላ ሊገዙ ሲመጡ «እዚያ መሬት ላይ አኑረው» ይሉታል፤ ከእጁ አይቀበሉም። የያዙትን ልጅ ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ባለ እጅ ነዋ፣ ቡዳ ነዋ፣ ዓይኑ ሰው ይበላል። ማታ ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል የሚሉም ነበሩ። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሣ ሲጥል የዋለ ሰው ማታ ጅብ ለመሆን ከየት ጉልበት እንደሚያመጣ አንዳቸውም አልጠየቁም። ያን ቢላ ግን ወስደው ሽንኩርት ይከትፉበታል፣ በግ ያርዱበታል። ቢላው ሰው አይበላም፤ የሠራው እጅ ነው የሚበላው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ተሸክመው ነው እንግዲህ ሌላውን ሰው የሚንቁት።

እናቷ ባለወልድን የምትወድ ሴት ነበረች። በየወሩ ሃያ ዘጠኝ፣ ጎረቤት ማኅበር ሲጠጣ፣ አጥር ጥግ ቆማ የጸሎቱን ድምፅ ታዳምጣለች። ግቢ ያላት የለም። አንድ ቀን በቤቴ ደግሼ፣ ሰው ዳቦዬን በስምህ ቆርሶ ሲበላ ካየሁ ሌላ አልለምንህም ብላ ተስላ ነበር። ስለቷን ሳታደርስ ሞተች። የመርዶው ደብዳቤ ቶሮንቶ ሲደርስ ያለምወርቅ ከሥራ መልስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጠችና እዚያው አመሸች። ያን ስለት እኔ አደርሰዋለሁ ያለችው ያን ቀን ነው። የያለምወርቅ ጉዳይ ይኼ ነው፤ ሌላ የለም። ዳቦዋ ይበላ።

ብየዳ የተማረችው ሱዳን ነው፤ ካርቱም ውስጥ የጭነት መኪና በሚጠገንበት ግቢ። እዚያው ይመር የሚባል ሰው አገባች፣ ናኦሚን ወለደች። ሦስቱም በ1987 ካናዳ ገቡ። ይመር የሚስቱን አባት ሥራ አያውቅም ነበር፤ አልጠየቀም፣ እሷም አልደበቀችም። ሁለት ዓመት እንደቆዩ ከአገር ቤት እኅቱ ደብዳቤ ጻፈች፤ ያገባኸው የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ ወይ ብላ። ሰውየው ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ራቱን ትቶ ተነሣ፣ በሳምንቱ ካልጋሪ ገባ። ያ ሁሉ ዓመት አብሯት ሲበላ ያልተበላ ሰው፣ አንድ ገጽ ሲያነብ ታመመ። ያለምወርቅ ስለ እሱ ስትጠየቅ «ቀዝቃዛ አገር ተስማምቶታል» ትላለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አታባክንበትም።

የባለወልድ ማኅበር ውስጥ የገባችው በ1991 ነው። አሥራ ሁለት አባወራና እማወራ፣ በየወሩ አንዱ ቤት ይደገሳል፤ የማኅበሩ ጽዋ ከባለተራው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ይሄዳል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ አቶ መርዕድ ናቸው። ስካርቦሮ ቤት ገዝተዋል፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደብዳቤ ክፍል ይሠራሉ፣ አያታቸው ባላባት ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን ሳይናገሩ ከማኅበር ተነሥተው አያውቁም። ያለምወርቅ በገባች በሁለተኛው ወር «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው በፈገግታ ጠየቋት። እሷም በፈገግታ «የቀጥቃጩ የተክሉ» አለቻቸው። ፈገግታው የት እንደገባ አልታወቀም።

ማባረር አልቻሉም፤ ካናዳ ነው፣ ሰው ይሰማል። ይልቅ ጨዋነት አበዙባት። በየሄደችበት ቤት ለእሷ አንዲት ብርጭቆ ለብቻዋ ትቀርባለች፤ አቶ መርዕድ ቤት አረንጓዴ፣ ሌላው ቤት ጠርዟ የተሸረፈ። ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም አዛኝ ይሆናል። አንደኛው ዓመት «አንቺ የፋብሪካ ሰው ነሽ፣ ትደክሚያለሽ፣ እኛ እንሸከምልሽ» አሏት። ሁለተኛው ዓመት ቤትሽ ጠባብ ነው ተባለች፤ ሁለት ክፍል ሙሉ ቤት፣ ተክሌ የሚባለው ባለታክሲ አንድ ክፍል ውስጥ ደግሶ ሲያበቃ። ሦስተኛው ዓመት ምክንያት እንኳ አልተፈለገላትም፤ ደብተሩ ላይ ስሟ ተዘልሎ ቀጣዩ ስም ተጠራ።

ናኦሚ እዚህ አገር ያደገች ልጅ ናትና ነገሩ አይገባትም። «ማሚ፣ ካልወደዱሽ ለምን ትሄጃለሽ? ጀስት ኩዊት አድርጊ» ትላታለች። ያለምወርቅ ግን በዚያች ብርጭቆ እየጠጣች እያንዳንዳቸውን ትንቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ በየወሩ እየተመለሰች የምትሄደውን ራሷን ትንቃለች። ሁለቱን ንቀት እኩል ተሸክማ አራት ዓመት ኖረች።

በዚያው በ1995 የፀደይ ወቅት ፋብሪካዋ ውስጥ ፎርም ታደለ። ኦንታሪዮ ውስጥ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ከሥራ ሲገፉ የኖሩ ሰዎች እንዲቀጠሩና እንዲያድጉ አሠሪው ሁሉ ማን ምን እንደሆነ ሠራተኛውን ይጠይቅ የሚል። ሴት ነሽ? ነጭ ካልሆነ ዘር ነሽ? የአገሩ ነባር ሕዝብ ነሽ? የአካል ጉዳት አለብሽ? አራት ሳጥን። ያለምወርቅ ሁለቱ ላይ ምልክት አድርጋ ወረቀቱን እያየች ቆየች። ስለ ትውልዷ በአክብሮት ጠይቆ መልሷን ዝም ብሎ የተቀበላት የመጀመሪያው ነገር ወረቀት ሆኖ መገኘቱ አሳቃት።

ፎርሙ እነ አቶ መርዕድ መሥሪያ ቤትም ደርሷል። የዚያ ወር ማኅበር እሳቸው ቤት ነበርና ከጸሎት በኋላ ተነሥተው ንግግር አደረጉ። የደብዳቤ ክፍሉ ሱፐርቫይዘር ጡረታ ሊወጣ እንደሆነና ቦታውን እንደሚፈልጉት ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን ባላባቱ አያት እግራቸውን ሰብስበው ጥግ ያዙ፤ አቶ መርዕድ ተጨቋኝ ሆነው ነው የተነሡት።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ሰው መርጦ አይወለድም። በተወለደበት የሚንቁት ካለ ናቂው ነው የሚያፍረው። የዚህ አገር ሕገ መንግሥት፣ አሥራ አምስተኛው አንቀጽ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ አያበቃም። ሲገፋ የኖረውን ለማንሣት ሕግ ቢወጣ አድልዎ አይባልም ይላል። ልብ በሉ። ስንት ዘመን ከኋላ ያቆሙትን ሰው ዛሬ እኩል ሩጥ ማለት ፌዝ ነው። እና አትፈሩ። ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርጉ።»

ተጨበጨበ። የአቶ መርዕድ ባለቤት ወይዘሮ እሌኒ ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ጠረጉ። ያለምወርቅ አረንጓዴዋን ብርጭቆ አስቀመጠችና ድምፅዋን ሳታነሣ ጠየቀች።

«አቶ መርዕድ፣ ይኼ ማኅበር እንዲህ ያለ ፎርም ቢኖረው የእኔ ሳጥን የትኛው ነው?»

አቶ መርዕድ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ተክሌ ጣሪያ አየ። ወይዘሮ እሌኒ «ዳቦ ጨምሩላት እንጂ፣ ምነው» አሉና ዳቦ ተጨመረላት። በዚህ አገር ሕገ መንግሥት ላይ የተደረገው ውይይት በዚሁ ተዘጋ።

በጥቅምት ወር አንድ እሑድ የያለምወርቅ በር ተንኳኳ። አቶ መርዕድ ናቸው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፋይል ይዘዋል። ግቡ ብትላቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ጫማዬ ጭቃ ነው አሉ። ዝናብ ከዘነበ ሳምንት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስደተኛ ማኅበራት ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ድርጅት አለ። ገንዘቡ ከተገኘ ማኅበሩ አዳራሽ ይከራያል፣ ልጆች አማርኛ ይማሩበታል፣ አቶ መርዕድም በሊቀመንበርነት ስማቸው በደብዳቤ ራስ ላይ ይታተማል። ድርጅቱ ግን ቃል ይፈልጋል፤ ማኅበራችን ማንንም በትውልዱ፣ በዘሩ፣ በሥራው አይለይም የሚል። ቃሉ እውነት ለመሆኑ ደግሞ ሲገፋ ከኖረ ወገን የተገኘ አንድ አባል መስክሮ ይፈርም ይላል።

«እና አንቺን አሰብን» አሉ።

«እኔን ለምን?»

«ያው እንግዲህ፣ ሴት ነሽ።»

«ባለቤትዎስ ምንድን ናቸው?»

አቶ መርዕድ ፋይሉን ከቀኝ ክንድ ወደ ግራ አዛወሩት። «እሱማ ልክ ነው። ግን አንቺ ለየት ያለ፣ እንዴት ልበልሽ፣ ሙያ ካለው ቤተሰብ…»

«ቀጥቃጭ ሊሉ ፈልገው ነው?»

«አንቺ አልሽ እንጂ እኔ አላልኩም።»

ያለምወርቅ ያችን አስተያየቷን አየቻቸው፤ ከኮፍያቸው እስከ ጫማቸው። ጭቃ የለበትም። ሲፈልጓት ባለ እጅ መሆኗ ለማመልከቻ ማጣፈጫ ይሆናል፣ ሳይፈልጓት ደግሞ ብርጭቆ ያስለያል። ሌላ ቀን ቢሆን በሩን ትዘጋው ነበር። ያን ቀን ግን የእናቷ ስለት ትዝ አላትና አልዘጋችውም።

«እፈርማለሁ» አለች። «ግን መጀመሪያ ተራዬን ስጡኝ። ኅዳር ሃያ ዘጠኝን እኔ ልደግስ። ጽዋው እዚህ ይምጣ፣ ማኅበርተኛው እዚህ ይብላ። በልታችሁ ስትወጡ እዚችው በር ላይ እፈርምልዎታለሁ።»

አቶ መርዕድ ብዙ አሰቡ። ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ቅዳሜ ይውላል፤ ማመልከቻው የሚገባው ደግሞ ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ በቀረበ ጊዜ ያለምወርቅ ከፋብሪካው ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰደች። የነቢያት ጾም ገብቷልና ድግሱ የጾም ነው፤ ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍት። ጠላውን ከሁለት ሳምንት በፊት ጠምቃ በፕላስቲክ ጋን አኑራለች። ድፎ ዳቦውን ሁለት ጊዜ ጋገረች፤ የመጀመሪያው ጎኑ ትንሽ ስለጠቆረባት። ስታበስል ታንጎራጉራለች፣ ናኦሚም እናቷ ስታንጎራጉር ሰምታ ስለማታውቅ ደጋግማ ከክፍሏ እየወጣች ታያታለች።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ እሌኒ ኮል አደረጉላት። ድምፃቸው ማር ነው። «አለሜ፣ እንዳትደክሚ ብለን ነው። እዚህ አገር እኮ ፖትላክ የሚባል ጥሩ ልማድ አለ። ሁሉም ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይዞ ይመጣል፣ ማንም አይጎዳም።»

ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ፖትላክ የሚል ቃል ከወይዘሮ እሌኒ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ፈረንጅ ለደስታ የፈጠረውን ነገር እነሱ ለምን እንዳዋሉት ተመልከቱ።

«ሁሉን ጨርሻለሁ እትዬ እሌኒ» አለች ያለምወርቅ። «አፋችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።»

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ መጡ። ሁሉም መጡ፣ አንድም አልቀረ፤ ፊርማው ይፈለጋላ። እያንዳንዱም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣሕን ታቅፏል። አሥራ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሊፍቱ በሽሮ ሽታ ታጥኖ ነው የወጣው። ወይዘሮ እሌኒ በሁለት እጃቸው ሁለት ከረጢት ይዘዋል፤ በአንዱ የወረቀት ሣሕንና የፕላስቲክ ኩባያ፣ «ዕቃ ማጠብ እንዳያደክምሽ» ብለው። በሁለተኛው ከቤከሪ የተገዛ ክብ ዳቦ።

ወይዘሮ እሌኒ ያለምወርቅ ጠረጴዛው ላይ የደረደረችውን ዕቃ በእጃቸው ገለል አደረጉላት። የእሷ ድስቶች ምድጃው ላይ እንደተከደኑ ቀሩ፣ የየቤቱ ሣሕን ጠረጴዛውን ሞላው። ጽዋው ወጣ። ጠላዋን ልትቀዳበት ጆጉን ስታነሣ ወይዘሮ እሌኒ ቀደሟትና ከካርቶን አፕል ጁስ ሞሉበት፤ «ጠላ ለጨጓራ ጥሩ አይደለም ይላሉ ዶክተሮች» አሉ። ያን ቀን የማኅበሩ ቄስ ሌላ ቦታ ስለተጠሩ ጸሎቱን የመሩት አቶ መርዕድ ነበሩ። የቤከሪውን ዳቦ በባለወልድ ስም ባርከው ቆረሱ፣ ሁሉም በላ። ክርስቶስ ራሱ ያን ቀን እዚያ ቤት ቢገባ በወረቀት ሣሕን ነበር የሚበላው።

ምግቡ እየተበላ ወሬው ስለ ሕጉ ሆነ። በሰኔ የተመረጠው አዲስ መንግሥት ሕጉን ሊሽረው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቅለታል ተብሏል። በእርግጥም በሳምንቱ ተሻረ። አቶ መርዕድ የሱፐርቫይዘሩን ወንበር እያሰቡ ነው መሰል መብላታቸውን አቆሙ።

«ሕጉን ብቻ አይደለም የሚሽሩት» አሉ፣ የወረቀት ሣሕናቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው። «የሞላነው ፎርም ሁሉ እንዲጠፋ አዘዋል። ማን እንደሆንን የተጻፈበትን ወረቀት ቀደው ሊጥሉት ነው። ሰውን በትውልዱ ከማዕድ መግፋት ማለት ይኼ ነው። ግፍ ነው።»

«ግፍ ነው» አሉ ማኅበርተኞቹ፣ አፋቸው ሙሉ ሆኖ።

ያለምወርቅ የወጥ ቤቷ በር ላይ የእጅ ፎጣ ይዛ ቆማለች። ሰዎቹ ሶፋዋ ላይ ተቀምጠው፣ በእሷ ቤት፣ በእሷ ተራ፣ የእሷን ድስት ክዳን ሳያነሡ ከማዕድ ስለ መገፋት ያለቅሳሉ። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ተክሌ ብቻ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ምድጃው ቀረብ አለ፣ የምስር ወጡን ክዳን ነካ አደረገ፤ ሚስቱ ስታስል ሰማና ውኃ ፈልጎ የመጣ መስሎ ተመለሰ።

«ማሚ፣ ያንቺን ፉድ ለምን አይበሉም?» አለች ናኦሚ፣ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ሳታውቅ።

ወይዘሮ እሌኒ «ጠግበን ነው የኔ ቆንጆ» አሏት፣ ሁለተኛ ዙር ጎመን ሣሕናቸው ላይ እያደረጉ።

ያለምወርቅ ወደ ውስጥ ገባች። ድፎዋን ቆረሰች፣ በሰፌድ አድርጋ ወጣችና ከአቶ መርዕድ ጀመረች። «በባለወልድ ስም አንድ ቁራሽ» አለች። እሳቸው «ጾም ይዣለሁ» አሏት። ጣታቸው ላይ ያለው ሽሮ ገና አልደረቀም። ቀጣዩ ጨጓራዬን አለ፣ ቀጣዩ ስኳር አለብኝ አለ፣ ስኳር ያለበት ሰው ባቅላቫ ይዞ መጥቶ ነበር። ወይዘሮ እሌኒ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደበላሁት ቁጠሪው» አሉ። ተክሌ በሁለት እጁ ተቀበላት፣ በሶፍት ጠቀለለና «ለልጆቹ» ብሎ ኪሱ ከተታት። ሰፌዱ አንድ ቁራሽ ጎድሎት ተመለሰ።

ሲወጡ ወይዘሮ እሌኒ ጽዋውን ለተረኛው ለማስረከብ አቅፈው ቀድመው ሄዱ፤ ሊፍቱ ውስጥ ገብተው በሩን በእግራቸው ይዘው ባላቸውን ይጠብቃሉ። ሌሎቹ ወርደዋል። አቶ መርዕድ ደጃፉ ላይ ቀርተው ፋይላቸውን ከፈቱ፣ እስክሪብቶ አወጡ።

«እንግዲህ እንደ ቃልሽ» አሉ።

ያለምወርቅ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ማኅበራችን ማንንም በትውልዱ፣ በዘሩ፣ በሥራው አይለይም። ወደ ውስጥ ተመልሳ ከሰፌዱ አንድ ቁራሽ ይዛ መጣች፤ ትልቅ አይደለም፣ ሕፃን የሚጎርሰው ያህል ነው።

«በልታችሁ ስትወጡ ነበር ያልኩዎት። አልበላችሁም» አለች። «ይቺን ይብሉና እፈርማለሁ። ማንም አያይዎትም።»

አቶ መርዕድ ዳቦውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ወደ ሊፍቱ ዞረው ሚስታቸውን አዩ። ለሰኞ የቀረው አንድ ቀን ተኩል ነው። ቁራሹን በሁለት ጣት ተቀብለው አፋቸው ውስጥ ከተቱት፣ እጃቸውን ለፊርማው ዘረጉ።

እሷ ግን እስክሪብቶውን ይዛ ጉንጫቸውን ነው የምታየው። ግራ ጉንጫቸው ተነፍቷል። መንጋጋቸው አይንቀሳቀስም።

«እንዴት ነው፣ ጨው አልበዛም?» አለች።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባለቤትዎ ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲሉ ሰማሁ። ምን ሊያጠና ነው?»

አቶ መርዕድ በእጃቸው አንድ ነገር አሳዩ፤ ሕግ ይሁን መሐንዲስነት አልገባትም።

«አሥራ አምስተኛውን አንቀጽ እስቲ ይድገሙልኝ። በቃልዎ ነው የሚያውቁት።»

ፊታቸው እየቀላ ሄደ። በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። የሊፍቱ በር ከያዙት ቆይቷልና ደወሉ ይጮህ ጀመር፤ ወይዘሮ እሌኒ «ኧረ ቶሎ በል አንተ» ይላሉ ከዚያ ማዶ። ያለምወርቅ አልቸኮለችም። ወረቀቱን በሩ ላይ ደግፋ፣ እስክሪብቶውን መፈረሚያው መስመር ላይ አኑራ ቆማለች። ከንቀቷ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን መደበቅ አይቻልም። ሲዋጥ የሚነሣው የጉሮሯቸው አጥንት ላይ ዓይኗን ተክላ፣ አንዴ ብቻ፣ ስለ እናቴ፣ አንዴ ብቻ ትል ነበር በውስጧ። ያን ሁሉ ዓመት የናቀችው ሰው አንዲት ቁራሽ ቢውጥላት ሁሉን ይቅር ልትለው ነበር። ፊርማው ምን ይሠራል፣ ደሟንም ትሰጠው ነበር።

አቶ መርዕድ መሐረባቸውን አወጡ። ወረቀቱን ትተው፣ ፋይሉን ትተው፣ መሐረቡን አፋቸው ላይ ይዘው በሶምሶማ ወደ ሊፍቱ ሄዱ። በሩ ከመገጠሙ በፊት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሲያዞሩና ትከሻቸው አንዴ ሲነቀነቅ ታየ። ከዚያ ሊፍቱ ወረደ።

ናኦሚ ከኋላዋ መጥታ ቆማ ነበር። እናቷ እጅ ላይ ያለውን ያልተፈረመ ወረቀት አየች፣ ባዶውን ኮሪደር አየች።

«ዋጠው?» አለቻት።

«አልዋጠውም» አለች ያለምወርቅ።

እናትና ልጅ በሩን ዘግተው ገቡ።